ኦኖሪና ያልጠጣችው ጽዋ

ኦኖሪና ከእንግዶቿ ጋር ማዕድ አትቀመጥም። በሰሜን ጣሊያን ተራሮች፣ በሻርቬይ መንደር ይህን የማያውቅ የለም። ወደ ተራራው ማለፊያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የድንጋይ ቤቷ ቆማ ታበስላለች፣ ቆማ ታቀርባለች፣ ቆማ ትሳደባለች። ሲደክማት ትከሻዋን ከግድግዳው ደገፍ ታደርጋለች እንጂ ወንበር አትስብም። "ቁጭ ይበሉ እንጂ ሲኞራ" ያላት መንገደኛ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "እኔ ከተቀመጥኩ ሾርባውን ማን ያምጣልዎት? ሚስትዎ?" እንግዳው ይስቃል፣ ነገሩም በዚያው ያልፋል። የመንደሩ ሰው ግን በዚህ አይስቅም።

ተወልዳ ያደገችው ታች፣ ወይን በሚበቅልበት ሞቃቱ ሸለቆ ነው። አባቷ በርሜል ሠሪ ነበር። በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ ኢላሪዮ የሚባል የሻርቬይ ሰው አግብታ ወደ ላይ ስትወጣ ወሩ ሰኔ ቢሆንም እሷ ወፍራም ካፖርት ለብሳ ነበር፤ አማቷ እስክትሞት ድረስ ይህን ለሰው እያወራች ሳቀችባት። ላይ አገር ያለው ላም፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ነው። አማቷ መጀመሪያ ያስተማረቻት ጥቁሩን ዳቦ ነው። መንደሩ በሙሉ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታኅሣሥ፣ በአንድ ምድጃ ተራ ይዞ ይጋግረዋል፤ ከዚያ ቆጥ ላይ ተደርድሮ እስከሚቀጥለው ታኅሣሥ ይበላል። የካቲት ላይ ቢላዋ አይደፍረውም። ኦኖሪና የመጀመሪያ ቀን ነክሳው ጥርሷን ያዘችና "ይሄ ለመብላት ነው ወይስ ለግንብ?" አለች። አማቷ የወደደቻት ያን ቀን ነው ይባላል።

ውሎ አድሮ በዚያ መንገድ ላይ እንደ እሷ ሾርባ የሚሠራ ጠፋ። ጥቁሩን ዳቦ ሸክላ ድስት ውስጥ ታነጥፋለች፤ በላዩ ጎመን፣ በጎመኑ ላይ ፎንቲና አይብ፣ እንደገና ዳቦ፣ እንደገና ጎመን። የሥጋ መረቅ ታፈስበትና ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች። ሲወጣ ላዩ ቡናማ ሆኖ ያፈላል፣ አይቡም ከሳህን እስከ አፍ ይሳባል። ከታች የመጡ ነጋዴዎች፣ ከማዶ ከስዊስ የመጡ ከብት ገዢዎች፣ እግራቸው የተላጠ ተሳላሚዎች፣ ሁሉም እሷ ጋ ሳይበላ ማለፊያውን አይሻገርም ነበር።

ከምግቡ በኋላ ጽዋው ይመጣል። ከእንጨት የተፈለፈለ ሆደ ሰፊ ነው፣ ክዳን አለው፣ ዙሪያውን ስድስት አፍ ወጥቶለታል። ስድስት አፍ ለስድስት ሰው፤ አንዱ በሌላው አፍ አይጠጣም። ትኩስ ቡና፣ የወይን አረቄ፣ ስኳርና የብርቱካን ልጣጭ ይገባበትና በክብሪት ይለኮሳል፤ ሰማያዊው ነበልባል ሲጠፋ ክዳኑ ተገጥሞ ከእጅ ወደ እጅ፣ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሕጉ ሁለት ነው። ጽዋው ሳያልቅ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ጽዋው ሳያልቅ ማንም ከማዕድ አይነሣም። ጠጪዎቹ ከስድስት ካነሱ ኦኖሪና የተረፈውን አፍ በዳቦ ልብ ትደፍነዋለች።

እንግዲህ አሁን የምናገረውን ያላመነ አይመን። በዚያ ማዕድ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ማንም አይቀመጥም። የከለከለ የለም፤ ሰው ራሱ ዓይኑን ጣል አድርጎበት ሌላውን ይመርጣል። ጽዋው ሲዞር ግን ከዚያ ወንበር አጠገብ ያለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጽዋውን ወደ ባዶው ወንበር ይዘረጋል። ወሬ ላይ ከሆነ ወሬውን አያቋርጥም። እጁን እንደዘረጋ ሰው አንድ ጉንጭ የሚጠጣበትን ያህል ይቆያል፤ ከዚያ መልሶ ይስብና ከወንበሩ ማዶ ላለው ያቀብላል። ብትጠይቁት "እኔ? መቼ?" ይላችኋል። ኦኖሪና በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያላደረገ አንድ ሰው አላየችም። በመጀመሪያው ዓመት የዚያን ወንበር አፍ ትደፍነው ነበር። ማዕዱ ሲነሣ ግን የዳቦው ልብ ከጽዋው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ታገኘዋለች፤ የወንድ አውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል። ከዚያ ወዲህ መድፈኑን ተወችው።

የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰባት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት ነው። ባሏ ኢላሪዮ በበጋ ላም ይጠብቃል፣ በክረምት መንገደኛ ይመራል፣ በመሐል ደግሞ ከስዊስ በኩል ትምባሆና ቡና በጀርባው ያሻግራል። በዚያ ዘመን የማያሻግር ወንድ አልነበረም፤ ድንበር ጠባቂዎቹስ የሚያጨሱት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? በዚያ ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ በረዶ ሲጥል ሰንብቶ በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ። አዲሱ በረዶ ከአሮጌው ጋር ገና አልተጣበቀም፤ ቁልቁለቱ ሁሉ ለመናድ የሚጠብቀው ምክንያት ብቻ ነበር። ኦኖሪና የቆላ ልጅ ብትሆንም ይህን ለይታ ታውቃለች። ጧት ለመነችው፣ ረፋድ ላይ ለመነችው፣ ልብሱን ደበቀችበት። ኢላሪዮ ማዶ የሚጠብቁት ሰዎች ነበሩት፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ ብሎ እምቢ አለ።

ምሳ ተበላና ጽዋው መጣ። የተቀመጡት ከመስኮቱ ሥር ኢላሪዮ፣ አይብ በጓዳ አሳድሮ የሚያበስለው ሰቬሪኖ፣ አሁን በሕይወት የሌለ አንድ የሰቬሪኖ ዘመድና ኦኖሪና ናቸው። ጽዋው ዞረ። የመጨረሻው ተራ የኦኖሪና ነበር። በሁለት እጇ ያዘችው፣ አልጠጣችም።

"ምነው?" አላት ኢላሪዮ።

"አልጠጣም።"

"ምን ገባበት?"

"ምንም አልገባበት። እኔ ካልጠጣሁ ጽዋው አያልቅም። ካላለቀ ደግሞ አትነሣም። በረዶው ይርጋና ነገ ማታ እጠጣዋለሁ።"

ሦስቱም ወንዶች ሳቁ። ከዚያ ኢላሪዮ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ማንም አልሳቀም። "ኧረ ባክሽ አንቺ ሴት፣ ፀሐዩ እየሄደ ነው" አላት። ጽዋውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ያኔ ኢላሪዮ ተነሣ። በዚያ ቤት፣ በአባቱም በአያቱም ዘመን፣ ጽዋ ሳያልቅ የተነሣ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ባርኔጣውን ከሚስማሩ ላይ አንሥቶ አንድም ቃል ሳይናገር ወጣ። አብረውት የሚሻገሩት ሁለቱ ሰዎችም እያፈሩ ተከተሉት።

ከሦስት ቀን በኋላ የተመለሱት ሁለት ናቸው። ማለፊያው አናት ላይ የበረዶ ናዳ ወሰደው አሉ። መንደሩ አናቱን በረጅም ዘንግ እየወጋ ፈለገ። በግንቦትም፣ በሰኔም ወጥቶ ፈለገ። የኢላሪዮ ጓንት እንኳ አልተገኘም። ጽዋ ሳያልቅ የተነሣ ሰው ሊጨርስ ይመለሳል የሚል ነገር በመንደሩ ነበር፤ ሰው እንደ ቀልድ ነበር የሚያወራው። ኦኖሪና ግን በዚያው ዓመት ፋሲካ፣ የመጀመሪያው መንገደኛ ጽዋውን ወደ ባዶው ወንበር ሲዘረጋ ባየች ጊዜ፣ ይህ ወሬ ቀልድ እንዳልሆነ ገባት። ሳህኖቹን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ግድግዳውን ደግፋ ቆመች። ፈርታ ነበር። ከፍርሃቱ ይበልጥ ግን ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ሒሳብ ቀላል ነው። ከዚያ ጽዋ የጎደለው የእሷ ጉንጭ ነው። እሷ ከጠጣች ጽዋው ያልቃል፣ ኢላሪዮም ይነሣል። ካልጠጣች ይመጣል። ተናዶብኝ ነው የሄደው ትላለች፤ ቢሆንም ይምጣ፣ ተናዶም ይምጣ። ስለዚህ አትቀመጥም፣ አትጠጣም። አንዳንዱ ይህን ፍቅር ይለዋል፣ አንዳንዱ ስስት። እኔ ሁለቱንም ነው እላለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አስራ ሁለት ዓመት ሄደ። ከዚያ በተራራው ሆድ ውስጥ የመኪና ዋሻ ተከፈተ። መንገደኛው ቡናውን ታች ከተማ ጠጥቶ፣ ተራራውን ሳያየው፣ ምሳውን ስዊስ ይበላ ጀመር። በሻርቬይ በኩል የሚያልፍ ጠፋ። ልጇ ዚታ፣ ታች ከተማ መድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ በየሳምንቱ ትመጣና "እማ፣ እዚህ ብቻሽን ክረምት አትከርሚም" ትላለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጠች፦ የቤቱ እቃ ሐሙስ በጭነት መኪና ሊወርድ፣ ቤቱም ሊዘጋ። ኦኖሪና እሺም እምቢም አላለችም። አንድ ማንኪያ ግን አላሰረችም። ባዶ ቤት፣ የሚዞር ጽዋ በሌለበት፣ ኢላሪዮ መጥቶ ምን ሊሆን ነው? ይህን ለልጇ ልትነግራት ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታ ብዙ ጊዜ ዘግታዋለች።

የመጨረሻው እሑድ ጥቅምት ላይ ዋለ። ሰማዩ የጠራ ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ትንሽ መኪና እያቃሰተች ዳገቱን ወጣችና አንድ ወፍራም ሰው ወረደ። ስሙ ብሩዛቲ ነው፣ የሚላን ሰው። ለመንገደኞች የሚሆን መጽሐፍ ይጽፋል፤ የት አገር ምን ይበላል፣ በምን ይወራረዳል፣ ሁሉንም በማስታወሻ ደብተር ይሰበስባል። ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ ድስቱን አሸተተ።

"ሲኞራ፣ ይሄ ምድጃ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቆያል?"

"እስኪበስል።"

"ማለቴ፣ በሰዓት ሲለካ..."

"ሰዓቱን ላብስለው እንዴ? ሾርባውን ነው የማበስለው። ይልቅ ከመንገዴ ዞር ይበሉ።"

ብሩዛቲ "እስኪበስል" ብሎ ጻፈ። ደግ ሰው ነበር።

ሰቬሪኖም መጣ። ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ዛሬም በድንጋይ ጓዳው ውስጥ ያሉትን አይቦች በየቀኑ እያገላበጠ በጨው ውኃ ያሻል፤ ልብሱም ገላውም አይብ አይብ ይላል። እሑድ እሑድ ምሳ ኦኖሪና ቤት ነው። ከመስኮቱ ወንበር ሁለት ሰው ካልራቀ ግን አይቀመጥም። ያን ቀን ብሩዛቲ ሳያውቅ የእሱን ወንበር ያዘበት፤ ለመጻፊያ ብርሃን ብሎም ወደ መስኮቱ ወንበር አስጠግቶ ተቀመጠበት። ሰቬሪኖ ቆም ብሎ አየው። ለእሱ የተማረ ሰው ሁሉ 'ዶቶሬ' ነው።

"ዶቶሬ፣ የተቀመጡበት ወንበር ቁንጫ አለበት።"

"ግድ የለም፣ የሚላን ቁንጫ ለምጃለሁ።"

ዚታ ሳቀች። "ጋሼ ሰቬሪኖ፣ ዛሬ እንኳ እዚህ ቢቀመጡ ምን ይሆናሉ? ወንበር አይበላዎ።" ሰቬሪኖ እያጉረመረመ ከመስኮቱ ወንበር ቀጥሎ ተቀመጠ። በእሱና በብሩዛቲ መሐል ያለው ባዶው ወንበር ብቻ ነበር።

በሉ። ሾርባውን በሉ፣ በወይን የተቀቀለውን የበሬ ሥጋ ከበቆሎ ገንፎ ጋር በሉ። ብሩዛቲ ሦስት ጊዜ አስጨመረ፣ በየመሐሉም ይጽፋል። ዚታ ስለ ሐሙስ ታወራለች፦ መኪናው በሦስት ሰዓት ይደርሳል፣ አልጋው ይፈታል፣ ጠረጴዛው በበሩ ስለማይወጣ ይቀራል። ኦኖሪና ቆማ ትሰማለች። ጽዋውን ስታዘጋጅ ክብሪቱ ሁለቴ ጠፋባት። ሁለት አፍ ደፈነች። አራት ተወች።

ጽዋው ከዚታ ተነሥቶ ለብሩዛቲ ደረሰ። ብሩዛቲ ጠጣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ "ድንቅ ነው" አለ። ከዚያ ጽዋውን ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋ። ዘርግቶ ቆየ። ኦኖሪና ከምድጃው አጠገብ ሆና እንደ ሁልጊዜው ትቆጥር ነበር። ብሩዛቲ መልሶ ሳበና ለሰቬሪኖ አቀበለ። ሁለት ጊዜ ዞረ። በሦስተኛው ዙር ጽዋው ሰቬሪኖ እጅ ላይ እያለ ብሩዛቲ እርሳሱን አነሣ።

"እንግዲህ ልጻፈው። በዚህ ጽዋ አራት ሆነን ጠጣን..."

"ሦስት" አለች ዚታ።

"አራት፣ እመቤቴ። እርስዎ፣ እኔ፣ ጋሼ ሰቬሪኖ፣ እና እኚህ ጌታ።" በእርሳሱ ወደ ጎኑ አመለከተ፤ ቀና ብሎ ግን አላየም፣ እየጻፈ ነበር። "ስማቸውን አልያዝኩትም፣ ይቅርታ። ላይ በረዶ እየጣለ ነው እንዴ? ትከሻቸው ላይ አየሁ። ደግሞ እኮ የጠየቁኝን ነገር ሳልመልስላቸው ቀረሁ።"



"ምን ጠየቀዎት?" አለች ኦኖሪና።

"'እሷ አትጠጣም?' አሉኝ። ስለ እርስዎ ነው መሰለኝ። እርስዎን እያዩ ነበር።" ያኔ ብሩዛቲ ቀና አለና ወንበሩን አየ። ወንበሩ ላይ የጥቅምት ፀሐይ ብቻ ነበር። ወፍራሙ ፊቱ ቀስ በቀስ ነጣ። ሊነሣ ጠረጴዛውን ያዘ፤ ሰቬሪኖ ክንዱን ቀጨም አድርጎ አስቀመጠው።

"አይነሣም፣ ዶቶሬ" አለው። "ጽዋው አላለቀም።"

ከዚያ ሰቬሪኖ ጽዋውን መልሶ በሁለት እጁ ይዞ አጎንብሶ ቀረ። ዚታ እናቷን ታያለች። "እማ፣ ምንድነው የሚያወሩት? ማነው እዚያ የተቀመጠው?"

ኦኖሪና ነገረቻት። አስራ ሁለት ዓመት የያዘችውን በአንድ ትንፋሽ፣ ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ነገረቻት። ልይዘው ብዬ ነው ያልጠጣሁት፣ አለች። ከማዕድ እንዳይነሣ። እሱ ግን ተቆጥቶ ተነሣ። የጽዋውን ሕግ አስጥሼ የላክሁት እኔ ነኝ፤ አባትሽ ተናዶብኝ ነው የሞተው።

"አልተናደደም" አለ ሰቬሪኖ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ሽማግሌው ቀና አላለም፤ የሚናገረው ለጽዋው ይመስል ነበር።

"ትልቁ ቋጥኝ ጋ እስክንደርስ ዝም ብሎ ሄደ። እዚያ ስንደርስ ቆመና ሳቀ። 'ይቺ ሴት እስክመለስ ድረስ ያንን ነገር ታቅፋ ቁጭ ትላለች፣ አውቃታለሁ' አለን። 'ቡናውም ይቀዘቅዝባታል። ሂዱ፣ ተመልሼ ከእሷ ጋር እጠጣለሁ፣ ነገ እደርስባችኋለሁ' አለ። ገመዱን ለእኔ ሰጠኝ። እየዘፈነ ወረደ፣ ኦኖሪና። እኛ ወደ ላይ ዞርን። ብዙም ሳንሄድ ከበታቻችን የናዳውን ድምፅ ሰማን።"

"አናቱ ላይ ነው ያላችሁት" አለች ኦኖሪና። "አናቱ ላይ ፈለግነው።"

"አናቱ ላይ ነው ያልነው።"

"የት ነበር?"

ሰቬሪኖ በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከተ። ከመስኮቱ ማዶ፣ ከጅረቱ በላይ፣ ቁልቁለቱ ይታያል። ሰው ቢጣራ የሚሰማበት ርቀት ነው።

"ምን ልበልሽ?" አለ። "ጽዋሽ ጎትቶ መለሰውና ሞተ ልበልሽ? እኛ የሄድነው ተርፈን፣ ወደ አንቺ የተመለሰው ሞተ ልበልሽ? አልቻልኩም። በረዶው ሲቀልጥ እነግራታለሁ አልኩ። ሲቀልጥ ጅረቱ ሞልቶ ነበር፤ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ምን አፍ አለኝ?"

"ውሻ!" አለችው ኦኖሪና። ዘላ ደረሰችበትና ትከሻውን በጡጫ መታችው፣ ደግማ መታችው። "አንተ ውሻ! በየሳምንቱ እየመጣህ ሾርባዬን ትበላለህ! እዚህ ማዶ ተኝቶ አናት ለአናት ስታስዞረኝ!" ሰቬሪኖ አልተከላከለም፤ ጽዋው እንዳይደፋ ብቻ ከፍ አድርጎ ያዘው። ዚታ እናቷን ከኋላ አቅፋ ያዘቻት። ብሩዛቲ ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጠፈ።

ቁጣዋ አለቀ። ቆማ ቁልቁለቱን አየች። ላሞች ሣሩን ነጭተውት ቡናማ ሆኖ ነበር። ስንት ጧት እዚህ መስኮት ጋ ሳህን እያጠበች አይታዋለች! ወደ እሷ እየመጣ ነበር። እየዘፈነ። ይህን ሁሉ ዓመት የቁጣ ዓይን መስሏት ስትሸሸው የኖረችው ነገር፣ የጀመረውን መንገድ ሊጨርስ የሚለምን ሰው ነበር። እሷ ደግሞ፣ ያ አንድ ቀን የጎተተችው አልበቃ ብሏት፣ አስራ ሁለት ዓመት እንደገና እየጎተተች ከበሩ መልሳዋለች።

ወንበር ሳበች። ከጠረጴዛው በላይ በኩል፣ ያኔ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ተቀመጠች።

"አምጣ" አለችው ሰቬሪኖን።

ሰቬሪኖ አቀበላት። ኦኖሪና ከሁለቱ የተደፈኑ አፎች የአንዱን የዳቦ ልብ በጥፍሯ አወጣች። ጽዋውን አዘነበለችና ጠጣች። ቡናው ቀዝቅዟል፤ መራራ ነው፣ ከሥሩ ያልሟሟ ስኳር አለው። ቸኩላ አልጠጣችም። የድርሻዋን ጨርሳ አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

ከዚያ በሰቬሪኖ አልፋ፣ እጇን ወደ መስኮቱ ወንበር ዘረጋች።

"ኢላሪዮ" አለች። "እንካ፣ ያንተ ነው የቀረው።"

አራቱም ሰሙት። ከጽዋው ሥር ፈሳሹ ሲሳብ፣ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ የመጨረሻውን ሲመጥ የሚሰማው ያ ትንሽ ድምፅ። ጽዋው እጇ ላይ እየቀለለ ሄደ። ጣቶቿን የሆነ ቅዝቃዜ ነካቸው፣ ከውጭ የገባ ሰው እጅ ቅዝቃዜ፤ ሳትስበው ጣቶቿን ላላ አደረገች፣ ጽዋውም አልወደቀም። ቆየ። ከዚያ ክብደቱ ሁሉ፣ የባዶ እንጨት ክብደት፣ ወደ መዳፏ ተመለሰ።

ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየች። ጽዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በሩ አልተንኳኳም፣ ነፋስ አልገባም። ወንበሩም እንደ ማንኛውም ወንበር ሆኖ ቁጭ አለ። ብሩዛቲ ተነሥቶ ባርኔጣውን እንኳ ሳያነሣ ወጣ። ደብተሩ ላይ የጻፈውን ገጽ በኋላ ሜዳ ላይ ቀዶ ጥሎት አገኙት።

"እማ" አለች ዚታ በሹክሹክታ። "ሄደ?"

ኦኖሪና ወንበሩን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ከእግሯ አወለቀች፣ ሽርጧን ፈታ ፊቷ ላይ አደረገችና ጮኻ አለቀሰች። አስከሬን ስላልተገኘ ቀብር አልነበረም፣ ቀብር ስላልነበረ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ያ ሁሉ ያልተለቀሰ እንባ አንድ ላይ መጣ። ዚታም የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሆና ያላለቀሰችውን አለቀሰች።

"ዛሬ ገና ባሌ ሞተብኝ" አለች ኦኖሪና፣ መናገር ስትችል።

ሰቬሪኖ ባርኔጣውን አውልቆ ከወንበሩ ተነሣ። ወደ እሷ ለመቅረብ አልደፈረም። ካለበት ቆሞ፣ በአስራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ያላላትን አላት።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ኦኖሪና።"